ለአያ ዱካሌ የተሰጠች አንድ ነጥብ

ባለፈው ሳምንት ስልኬ ለንግግሬ ማርክ ሰጠኝ። ከአስር ሁለት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከቤቴ በር ፊት ለፊት ለቱቦ ብለው የቆፈሩት ጉድጓድ ዝናቡን በሙሉ አፉን ከፍቶ ከርሟል። ባጃጆቹ ጥግ ጥጉን እየተንገዳገዱ ያልፋሉ። ዝናብ ሲጥል ጎርፍ ይሞላውና ከመንገዱ ጋር እኩል ይሆናል፤ የት ጋ እንዳለ የሚያውቀው ሰፈርተኛው ብቻ ነው። ከዲላ ገበያ አቮካዶ ተሸክማ ስትመለስ የነበረች አንዲት እናት ገባችበትና እግሯ ተሰበረ። አቮካዶው ጎርፉ ላይ ተንሳፍፎ ሲሄድ አይቻለሁ። ሴትዮዋን አውጥተን ባጃጅ ላይ ከጫንናት በኋላ፣ ልብሴን እንኳ ሳልቀይር ስልኬን አነሳሁና የሰፈራችን ነዋሪዎች በሚጻጻፉበት ገጽ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ጉድጓዱን የቆፈራችሁ ሰዎች፣ ሰው ሰበራችሁ። መቼ ነው የምትደፍኑት? እፍረት የላችሁም?»

ጻፍኩ ስላችሁ ቀላል እንዳይመስላችሁ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው። ወገቤን እያመመኝ፣ ለሕፃናት በተሠራ ዴስክ ላይ ተጣጥፌ ተቀምጬ የተማርኩት ነው። ዛሬም ስጽፍ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል። ያቺን ጽሑፍ እስክጨርስ ሻዬ ቀዝቅዟል።

ከላክሁት በኋላ ግን ጽሑፌ ጠፋ። በቦታው ግራጫ ነገር መጣ፦ «የአስተያየት ጥራት፦ ከ10 2። ይህ አስተያየት ዝቅተኛ ውጤት ስላገኘ ተሸፍኗል።»

ግቢዬ ውስጥ ተከራይቶ የሚኖር ናትናኤል የሚባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አለ። ጠራሁትና አሳየሁት።

«አይ ጋሽ ታደሰ፣ ሲስተሙ እኮ ነው» አለኝ። «ገጹን የሚያስተዳድሩት ሰዎች አዲስ ነገር አስገብተዋል። ኮመንቱን ያነብና ስኮር ይሰጠዋል። ጥሩ ስኮር ያለው ከላይ ይወጣል፣ ሌላው ይደበቃል።»

«ማን ነው የሚያነበው?»

«ማንም። ማሽን ነው።»

«ማሽኑ ጉድጓዱን አይቶታል?»

ሳቀ። «እሱን ምን ያየዋል፤ ቃላቱን ነው የሚያየው። ያወረደዎት ‹እፍረት የላችሁም› የሚለው ነው። ትንሽ ለስለስ ቢያደርጉት ሰባት ስምንት ይገባሉ። ከፈለጉ እኔ ላስተካክልልዎት።»

ልጁ ክፉ አይደለም። ሊረዳኝ ነው። ደሜን ያፈላውም ይኸው ነው፤ ለስለስ ማለት እንደ ውለታ የሚቀርብበት ዘመን ላይ መድረሳችን። «አንተ ልጅ፣ ይሄን አዲስ ነገር አትበለኝ» አልኩት። «እኔ ይሄንኑ በጠመኔ አይቼዋለሁ።» አላመነኝም። ስለዚህ እዚያው በረንዳው ላይ አስቀመጥኩትና ነገርኩት። ለእናንተም እነግራችኋለሁ።

ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። ይርጋጨፌ አካባቢ ካለችው ከአሪቻ ብዙም የማይርቅ አንድ የቡና ማጠቢያ ነበር። ስሙን አልጠራም፤ ባለቤቱም ስሙም ከተቀየረ ቆይቷል። ጥቅምት አልቆ ቡናው ሲቀላ፣ ከየቀበሌው ሰው ይሰበሰብና እስከ ጥር እዚያው ይሠራል። ከቤታችን እስከ ማጠቢያው የሚወስደው መንገድ በእንሰትና በቡና ሥር ሥር የሚያልፍ ነው። ጠዋት ስትሄድ የእንሰቱ ቅጠል ያጠራቀመውን ጤዛ ማጅራትህ ላይ ያፈሰዋል፤ ማታ ስትመለስ ቀዩ ጭቃ ጫማህን ይዞ ያስቀርሃል። ምሳችን በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ ነው፣ ጎመን ካለ ከጎመን ጋር፣ አይብ ያለው ቀን እንደ በዓል ይቆጠራል።

የማያውቅ ሰው ቡና ማጠቢያ ቡና ቡና የሚሸት ይመስለዋል። እንዲያ አይደለም። የሚሸተው እንደ ኮመጠጠ ፍራፍሬ ነው፣ ሰነባብቶ ደግሞ እንደ በሰበሰ ነገር። ማሽኑ የፈለፈለው ገለፈት በአንድ በኩል ይከመራል፤ ቡናው ገንዳ ውስጥ አድሮ ሲታጠብ የሚወጣው ውሃ ደግሞ ቡናማ ሆኖ፣ አረፋ ደፍቆ በቦዩ ይወርዳል። የት ይወርዳል? ወንዝ ውስጥ ነዋ። ትንሽ ወንዝ ነች። ከታች ደግሞ ሰው አለ። ታላቅ እህቴ አልማዝ እዚያ ነበር የተዳረችው፤ የሚድህ ልጅ ነበራት። በቡና ወቅት ከብቶቹ ወንዙ ድረስ ይሄዱና አሽትተው ይመለሳሉ። ከብት ያልጠጣውን እህቴ ትቀዳለች፣ ሌላው ምንጭ ዳገት ወጥቶ ነውና። ያን ዓመት ልጁን ተቅማጥ ያዘው። ሁለቴ አዝለነው ይርጋጨፌ ክሊኒክ ወሰድነው። ሐኪሙ «ምን ውሃ ነው የምታጠጡት?» ብሎ እኛን ተቆጣን።

ገንዳው ላይ አብሮኝ የሚሠራው አያ ዱካሌ የሚባል ሰው ነበር። ቦዩ ውስጥ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ቆሞ በእንጨት መግፊያ ቡናውን ሲገፋ ይውላል። ጌዴኦኛው እንደ ማር ነው፤ አማርኛው የገበያ አማርኛ ነው፣ ወንዱን ሴት ሴቱን ወንድ ያደርገዋል። ግን በቀበሌው የተከበረ ተናጋሪ ነበር። ሽማግሌዎች በሚቀመጡበት ሶንጎ ላይ ሲነሳ ሰው ዝም ይላል። ሶንጎ ላይ የተናገረ ሰው ሁለት ነገር ያገኛል፦ እስኪጨርስ የሚሰማው ጆሮ፣ ሲጨርስ ደግሞ የሚመልስለት አፍ።

ማጠቢያውም ውስጥ ዓርብ ዓርብ ስብሰባ ነበረን። ሰው የከነከነውን ይናገራል፣ ኃላፊው ይመልሳል ወይም ይዋሻል። ውሸትም ቢሆን መልስ ነው፤ በኋላ ትይዘዋለህ። ያን ዓመት ግን አቶ ታምራት የሚባል አዲስ ኃላፊ መጣ። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። ሲመጣ ጥቁር ሰሌዳ አስጭኖ መጣ።

«ከዛሬ ጀምሮ» አለ በመጀመሪያው ዓርብ፣ «እዚህ የሚነገር ሁሉ ከአስር ነጥብ ይሰጠዋል። አነጋገሩ ገንቢ ነው ወይ? ቋንቋው የተስተካከለ ነው ወይ? መንፈሱ በጎ ነው ወይ? ይሄ ይታያል። በሚቀጥለው ዓመት ማን እንደሚቀጠር፣ አሁንም ማን የት እንደሚመደብ በዚህ ይወሰናል።» ከጎኑ የተቀመጠውን ጸሐፊ ጠመኔ አስያዘው። የሚበልጠው አስሩ ይሁን አንዱ ግን አልተናገረም። ይሄ መነገር ያለበት ነገር አልመሰለውም።

መጀመሪያ የተነሳው ማቴዎስ ነው፣ ቡና የሚመዝነው። «አዲሱ ኃላፊያችን ከመጡ ወዲህ ሥራውም ሰመረ፣ ፀሐይዋም ደመቀች» አለ። ጸሐፊው ሰሌዳው ላይ 9 ብሎ ጻፈ።

ሰው ሁሉ ከንፈሩን መጠጠ። ቡና ከሚለቅሙት ሴቶች አንዷ፣ እትዬ ብርቄ፣ «ውይ የኔ ልጅ» አለች።

ቀጥሎ አያ ዱካሌ ተነሳ። ባርኔጣውን አወለቀ። «ወንዙ ታማለች» አለ። «እናንተ ናችሁ ያሳመማችኋት። ከዚህ የሚወጣው ውሃ ጉድጓድ ይቆፈርለትና እዚያ ይግባ። ከታች ሰው አለ፣ ሕፃን አለ። መቼ ትቆፍራላችሁ?»

ጸሐፊው ሳቀ። «ወንዙ ታማለች? አባት፣ ወንዝ ወንድ ነው ሴት?»

«ውረድና ጠጣ፤ ከዚያ አንተው ንገረኝ» አለው አያ ዱካሌ።

ጸሐፊው ፊቱ ቀላ። ሰሌዳው ላይ አንድ ዘንግ አሰመረ። 1።

እልልታው ጣሪያውን ነቀለው!

እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። እዚያ ከነበርነው አብዛኞቻችን ፊደል አናውቅም። አንድን ግን እናውቃለን። ቡናችን ተቀምሶ ደረጃ ሲወጣለት፣ አንድ ማለት የመጨረሻው ክብር ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ ቁጥር ቡናው ይወርዳል፣ ዘጠኝ ያለው ወደ ውጭ መውጣት ቀርቶ ስሙም አይነሳም። እኛ ዕድሜያችንን በሙሉ የለፋነው ያቺን አንድ ለማግኘት ነው። እና አያ ዱካሌ ደረጃ አንድ ወጣ! ወጣቶቹ በትከሻቸው አነሱት። እትዬ ብርቄ ማቴዎስን ልታጽናና ጠጋ አለችና «አይዞህ ማቴ፣ ዘጠኝም ቢሆን ይጠጣል። ለአገር ውስጥ ገበያ ትሆናለህ» አለችው። እኛ በሳቅ ፈረጥን። ማቴዎስ ግን የምሩን ተጨንቆ ጸሐፊው ጋ ሄደና «እባክዎ ትንሽ ዝቅ ያድርጉልኝ፣ ሁለትም ሦስትም ይበቃኛል» ብሎ ለመነ። አቶ ታምራት ትሕትናው ደስ አሰኘውና አስር አደረገለት። ማቴዎስ ራሱን ይዞ ተቀመጠ።

አያ ዱካሌን ቤቱ ድረስ በዘፈን አደረስነው። ሚስቱ ቆጮውን በቅቤና በሚጥሚጣ አቀረበች። እኔ ከዚያ ቁልቁለቱን በሩጫ ወርጄ እህቴ ቤት ገባሁ። «ተሰማ! ደረጃ አንድ ወጣ!» አልኳት።

አልማዝ ልጁን ጀርባዋ ላይ እያስተካከለች ሰማችኝ። «ጎሽ። ታዲያ መቼ እንቆፍራለን አሉ?»

«እሱን... አልመለሱም።»

 ነገሩ ከሁላችንም ቀድሞ የገባት እሷ ናት።

ሰኞ ጠዋት አቶ ታምራት ሰበሰበን። እልልታውን ሁከት አድርጎ ነበር የቆጠረው፤ ሊያዋርዱኝ ተነጋግረው ነው ብሎ አስቦ አልተኛም መሰለኝ። ጸሐፊው ተነስቶ አስረዳን፦ የሚበልጠው አስር ነው፣ አንድ ማለት ለመናገር የማይበቃ ሰው ማለት ነው፣ ግማሹ የተቀነሰውም ለአማርኛው ነው። አያ ዱካሌ ከገንዳው ወጥቶ ወደ ገለፈቱ ተዛወረ። ገለፈት መዛቅ ምን እንደሆነ የማያውቅ አይጠይቀኝ። ዝንቡ አፍህ ውስጥ ይገባል፤ ሽታው ከቆዳህ አይለቅም፣ ሚስትህ ምሳ ስታቀርብልህ ፊቷን ታዞራለች።  ያ ሁሉ ሰው መሬት መሬት አየ።

ከዚያ ወዲያ የተከተለው የባሰ ነው። ማንም አፋችሁን ዝጉ አላለንም። ተናገሩ ነው ያሉን! በየዓርቡ ሰው ይነሳል፣ ይናገራል፣ ሰሌዳው ይሞላል። ሰው ግን ነጥብ የሚያስገኙትን ቃላት ለመደ። «በአበረታች ሁኔታ ላይ ነን»፣ «ከዚህ በበለጠ ቢጠናከር»፣ «እንደ ጥቆማ ያህል»። ከዚያ በፊት ሴቶቹ ማድረቂያው አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና ሲለቅሙ ይዘፍኑ ነበር፤ የዘገየውን መኪና፣ የኃላፊውን ሆድ፣ ሁሉንም በግጥም ያነሱት ነበር። ጸሐፊው በአልጋዎቹ መሃል ጆሮውን አቁሞ መንጎራደድ ሲጀምር ዘፈኑ ቆመ። የሚሰማው ከነገለባው የሚገላበጠው ቡና ኮሽታ ብቻ ሆነ። «ምነው እትዬ ብርቄ፣ ጠፋሽ?» ስላት፣ «አፌን ለአስር አስቀምጬዋለሁ» አለችኝ። ያኔ እንኳ አልሳቅኩም።

ከዚያ ጸሐፊው ገለፈቱ ጋ መጣ፣ አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ። «አባት፣ ያንኑ ነገር በጥሩ ቋንቋ ይበሉት። እኔ አስጠናዎታለሁ። ወደ ገንዳው ይመለሳሉ።»

አያ ዱካሌ ልጆች አሉት። እግሩ ቆስሎ ነበር። እሺ አለ። አካፋውን እየጣለ እያነሳ፣ እንደ ሕፃን ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ሲለማመድ ሰማሁት፦ «የውሃ አወጋገዳችን... በአበረታች ሁኔታ... ላይ ሲሆን...» ያ በሶንጎ ሲነሳ ሰው ዝም የሚልለት ሰው! ዓርብ ዕለት ተነስቶ ያንን አለ። አንዲት ቃል አልተሳሳተም። ወንዟ የለችበትም። ሕፃኑ የለበትም። «መቼ» የሚለውም የለበትም። 8 ተሰጠው፣ ተጨበጨበለት። ጥያቄ ስላልነበረበት መልስ የሚሰጥ አላስፈለገም።

ያን ሳምንት የአልማዝ ልጅ እንደገና አሞት ነበር፤ ዓይኑ ጎድጉዶ ገብቷል። ሳላስፈቅድ ተነሳሁ።

«የእህቴ ልጅ እናንተ በምትለቁት ውሃ እየሞተ ነው» አልኩ። «ጉድጓዱን መቼ ትቆፍራላችሁ?»

አቶ ታምራት ወደ እኔ አልዞረም። «ነጥብ ስጠው» አለ ለጸሐፊው።

«ነጥቡን ተወውና መልሱን ስጠኝ።»

«አነጋገርህ ራሱ...»

«አነጋገሬን ተወው! አነጋገሬ አይደለም ተቅማጥ የያዘው። ዜሮ ስጠኝና መልስልኝ። መቼ?»

ጸሐፊው ዜሮዋን ጻፈ፤ ተቻኩሎ ስለነበር ክቧ አልገጠመችም። አቶ ታምራት ሰሌዳውን አየ እንጂ እኔን አላየኝም። ሰሌዳው ለምን እንደመጣ በዚያች ደቂቃ ገባኝ። ሰሌዳ ያለው ሰው መልስ አያስፈልገውም። አንተ ስለ ወንዝ ስትናገር እሱ ስለ አንተ ይናገራል። ወንዙ ቆሸሸ ስትለው፣ ድምፅህ ቆሸሸ ይልሃል። መዋሸት እንኳ አይጠበቅበትም፤ ቁጥር ይጽፍና ይቀጥላል።

በማግሥቱ ዘበኛው በሩ ላይ አቆመኝ። የማውቀው ሰው ነው። «ታዴ፣ አታስገባው አሉኝ» አለኝ፣ ዓይኑን ከኔ እያሸሸ።

እሁድ አያ ዱካሌ ቤቴ መጣ። የተቀቀለ በቆሎ ሰጠሁት፤ ያዘው እንጂ አልበላውም። «አንተ ዜሮ አገኘህ፣ እኔ ስምንት» አለኝ። «ወንዙ ግን ለሁለታችንም ያው ናት።» በቆሎውን እያገላበጠ፣ «ታዴ፣ ያን ዕለት የተናገርኩት እኔ አልነበርኩም። ሶንጎ ላይ ብነሳ አሁን ምን እላለሁ?» አለኝ።  እሱን አልወቅሰውም፤ ያኔም አልወቀስኩትም። ቁስሉን ያየሁት እኔ ነኝ። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከዚያ በኋላ ሶንጎ ላይ ሲናገር የሰማው ሰው አላገኘሁም።

አልማዝ ዓመቱን ሙሉ ዳገቱን እየወጣች ከላይኛው ምንጭ ቀዳች። ልጁ ተረፈ። ጉድጓዱ በሚቀጥለው ዓመት ተቆፈረ፤ በኛ ስምንትና ዘጠኝ አይደለም። ቡና የሚገዙ ፈረንጆች ሊጎበኙ መጥተው አረፋውን አዩና «ይሄ ውሃ የት ነው የሚሄደው?» ብለው ጠየቁ። አያ ዱካሌ በተሰባበረ አማርኛው የጠየቀውን ነው የጠየቁት። ለእነሱ ማንም ነጥብ አልሰጣቸውም፤ ቁፋሮው በሳምንቱ ተጀመረ። ያን ቀን አቶ ታምራት ሰሌዳውን በኩራት እንዳሳያቸውና «ሠራተኞቻችን ሐሳባቸውን በነጻነት ይገልጻሉ» እንዳላቸው እትዬ ብርቄ ነግራኛለች።

ናትናኤል እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ዝናቡ አባርቶ ነበር። «ጋሼ፣ እሱስ ልክ ነዎት። ግን ኢንተርኔት ላይ እኮ ስድብ ብዙ ነው፣ የሆነ ነገር ማጣሪያ ያስፈልጋል» አለኝ። ስልኩንም ሰጠኝ፤ እኔ ሳወራ እሱ ጽሑፌን አስተካክሎት ኖሯል። በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። «በሰፈራችን እየተከናወነ ያለው የልማት ሥራ የሚበረታታ ሆኖ፣ የእግረኞች እንቅስቃሴ ግምት ውስጥ ቢገባ...»

«ይሄ ዘጠኝ ይገባል» አለኝ።

«እግሯ የተሰበረችው ሴትዮ የት ሄደች?»

«እሷማ... ኔጌቲቭ ስለሆነ...»

ስልኩን መለስኩለት። ብሳደብ የሰደብኩት ሰው ስሜን ጠርቶ ይክሰሰኝ። ብዋሽ ዋሸህ ይበለኝ። ብሳሳት መጥቶ ይሟገተኝ፤ በሬ ክፍት ነው። ይሄ ሁሉ ሰው ለሰው የሚያደርገው ነው። ቡና ይመዘናል፣ ይቀመሳል፣ ደረጃ ይወጣለታል፣ ምክንያቱም ይሸጣል። የኔ አፍ ለሽያጭ አልቀረበም። አርባ ዓመቴን አሳልፌ፣ በልጅ ዴስክ ላይ ተጣጥፌ ፊደል የተማርኩት የራሴን ነገር በራሴ ቃል ለመጻፍ ነው። ማሽን ደስ ለማሰኘት ቢሆንማ ሳልማር ብቀር ይሻለኝ ነበር።

በማግሥቱ አሮጌ ቆርቆሮ አወጣሁና ያንኑ ጽሑፍ፣ አንዲት ቃል ሳልቀንስ፣ በጥቁር ቀለም ጻፍኩበት። ከሥሩ ስሜን አከልኩ። እንጨት ላይ ቸንክሬ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተከልኩት። ቢያንስ ጎርፍ ሲሞላ የት ጋ እንዳለ ይታያል። ፊደሎቼ ወደ አንድ በኩል ያዘነብላሉ፤ ተማሪዎቹ ሲያልፉ ይስቃሉ። ይሳቁ። እያነበቡ ነው የሚስቁት።

ትናንት ከቤት ስወጣ ከጽሑፌ ሥር፣ በሌላ ሰው እጅ፣ በከሰል የተጻፈ ነገር አገኘሁ፦ «እኔም ባጃጄን ሰብሬበታለሁ። መቼ ነው?» ማን እንደጻፈው አላውቅም። ከመንገዱ ዳር ቆሜ፣ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ፣ ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት። ከዚያ ቤት ገብቼ የቀለሙን ቆርቆሮ ከነብሩሹ አመጣሁና ጉድጓዱ ዳር አስቀመጥኩት፤ የሚናገር ካለ ይጻፍበት።

ጉድጓዱ ዛሬም አልተደፈነም።